የስካይሪምን የአትክልት ወጥ ደሴ ላይ ለምትሠሩ፦ ቅመሙን ፍሬውን ግዙ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ ስለተቆጨሁ ነው። ነገሩ የአትክልት ወጥ ነው። ያንገበገበኝ ግን አትክልቱ ሳይሆን ቅመሙ ነው።

ስካይሪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 የወጣ የቪዲዮ ጌም ነው። አገሩ ተራራ ነው፣ በረዶ ነው፣ ብርድ ነው። ክረምት ላይ የጦሳ ጉም ወደ ከተማው ሲወርድ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ለሚጫወት የደሴ ልጅ አገሩ ባዳ አይሆንበትም። ጌሙ ውስጥ ምግብ ይበሰላል። እኔ ከሁሉም የምወደው የአትክልት ሾርባውን ነው። የሚገባበት ጥቅል ጎመን፣ ድንች፣ ቲማቲምና ባሮ ሽንኩርት ብቻ ነው። ብዙዎቹ ምግቦች ጨው ይጠይቃሉ፤ ይሄ እሱንም አይጠይቅም። የበላው ሰው ለ720 ሰከንድ ጤናውም ጉልበቱም በየሰከንዱ ይመለስለታል። ጉልበቱ ተሟጦ ስለማያልቅ ከባዱን ምት ደጋግሞ መሰንዘር ይችላል። ድራጎን ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምበላው እሱን ነው።

ጨውም ቅመምም የሌለው ሾርባ ግን እኛ ቤት ለሰው አይቀርብም። ስለዚህ አራቱን አትክልት እንዳሉ ይዤ፣ ቅመም ገብቶበት ወፈር ያለ ወጥ እንዲሆን ፈለግኩ። ሥጋም ቅቤም ስለሌለው ለጾምም ይሆናል።

አትክልቱን ሰኞ ገበያ ገዛሁ። ጉዱ ያለው ቅመሙ ላይ ነው።

ሁልጊዜ ከየቢሮው የሚነገረን ምክር አለ፦ የታሸገ ግዙ፣ የምርቱንና የማብቂያውን ቀን አይታችሁ ግዙ። እኔም ምክሩን ሰምቼ የተፈጨ፣ የታሸገ ድብልቅ ቅመም ገዛሁ። ቀኑ አላለፈም። ማሸጊያው ያምራል። ወጡ ደረሰ፣ ቅመሙን ነሰነስኩበት፣ ቀመስኩት። ጥርሴ ስር ቅርጭጭ አለ። ያን ሁሉ አትክልት ደፋሁት።

ከፓኬቱ የቀረውን ዱቄት በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሬ አማሰልኩት። ከፊሉ ላይ ላዩን ሲንሳፈፍ ከስር ቀይ ደለል ቁጭ አለ። ውሃውን አጥልዬ ደለሉን በጣቶቼ መሀል አሸሁት። ይሻክራል፣ አይሟሟም። የሸክላ ዱቄት ነው ወይስ አሸዋ የሚለውን ላቦራቶሪ ይንገረን። ቅመም አለመሆኑን ለማወቅ ግን ጣት ይበቃል።

ፓኬቱንም ብርጭቆውንም ይዤ ይመለከተዋል ወደተባለው ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ብርጭቆውን እንኳ ሳያይ «ደረሰኝ አለሽ?» አለኝ። ለአንድ ፓኬት ቅመም ደረሰኝ የሚቆርጥ ሱቅ የት ነው ያለው? «ያለ ደረሰኝ አንቀበልም» አለና፣ የምግብ ጉዳይ እኛን አይመለከትም ብሎ ወደ ሌላ ቢሮ መራኝ። እዚያ ያለችው ደግሞ የንግድ ጉዳይ እኛን አይመለከትም አለች። ኃላፊውን ላናግር ስል ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ነይ። ነገ ስሄድ መስክ ወጥተዋል። በመጨረሻ ያገኘኋቸው ባለሙያ ፓኬቱን አገላብጠው አዩና «ተከፍቷል እኮ። አንቺ ራስሽ ጨምረሽበት ቢሆንስ?» አሉኝ።

ይሄን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። ሳልከፍተው አሸዋ እንዳለበት በምን ላውቅ ነው? ያን ቅመም እኮ ሰው ለልጁ ያበላል። ሱቁ ድረስ መጥቶ አንድ ፓኬት አንስቶ ማየት ምን ያህል ይከብዳል? ስልኬን መዝግበው «እንደውላለን» አሉ። አልደወሉም።

መፍትሔውን ያገኘሁት ሰኞ ገበያ ቅመም ከሚሸጡ እናት ነው። ነገሩን ስነግራቸው አንድ ኮረሪማ ከነገለባው አንስተው በጥፍራቸው ሰነጠቁት። ፍሬው እርስ በርሱ ተጣብቆ ተደርድሯል። ሽታው ከመደቡ ማዶ ይደርሳል። «አብሽሪ የኔ ልጅ። እዚህ ውስጥ ማን ገብቶ አሸዋ ይጨምራል? ፍሬውን ግዢና ቤትሽ ውቀጪው» አሉኝ።

ስለዚህ የእኔ ምክር ከቢሮዎቹ ይለያል። መለያውን እርሱት፣ ያልተፈጨ ግዙ። እርድ ደረቁ ለመውቀጥ ያስቸግራል፤ እሱን ወፍጮ ቤት ወስዳችሁ አጠገቡ ቆማችሁ አስፈጩ። ድንብላልና ነጭ አዝሙድ አንዳንድ የሻይ ማንኪያ፣ ቁንዶ በርበሬ አሥር ፍሬ፣ ቅርንፉድ ሁለት ፍሬ ለአራት ሰው ይበቃል። ሽታቸው እስኪነሳ አመስ አድርጋችሁ ውቀጡ። ኮረሪማውን ለብቻው ውቀጡትና ለመጨረሻ አስቀምጡት።

የቀረው ቀላል ነው። ቀይ ሽንኩርት አቁላሉ፣ ዘይት ጨምሩ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድና የተወቀጠው ቅመም ይከተላሉ። ከዚያ ግማሽ ኪሎ ድንች ከውሃና ከጨው ጋር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። የውጭ አገር አሠራሮች ድንች በ15 ደቂቃ ይበስላል ይላሉ። ደሴ ላይ አትመኑት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፤ ውሃው የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ፈላ ማለት እንደ ቆላው ያበስላል ማለት አይደለም። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለሚል እዚያ ያሉ ዘመዶቼ ቶሎ ያደርሱታል። እናንተ ክደኑትና ታገሡ። ቲማቲሙንም ድንቹ ሳይለሰልስ አታስገቡ። ኮምጣጣነቱ ድንቹን አላበስል ይላል። ብዙ ሰው ቲማቲሙን ከሽንኩርቱ ጋር ያቁላላል፤ ለዚህ ወጥ ግን እኔ አልስማማም።

ድንቹ ሹካ ሲያስገባ ሁለት ቲማቲም፣ ሩብ ጥቅል ጎመን፣ ከዚያ በቀጭኑ የተከተፈ ባሮ ሽንኩርት ይገባል። ባሮ ሽንኩርቱን ከነአፈሩ እንዳትከቱት፤ ለሁለት ሰንጥቃችሁ በየቅጠሉ መሀል እጠቡት። ሊወርድ ሲል ኮረሪማው ይነስነስ። ብዙ ከፈላ ሽታው ይጠፋል።

እኔ የምበላው በትኩስ ድፎ ዳቦ ነው፤ እንጀራ ላይ ይፈሳል። ጎረቤቶቼ በጾምም በፍስክም ይጠይቁኛል፣ ደስ ይለኛል። ካደረ ይወፍራል። ስታሞቁት የፈላ ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ከኮረሪማውም ቆንጠር አድርጋችሁ ጨምሩ።