ከመጥረግ በፊት ማየት፦ ስምንት ወር ከማግኔት መሣሪያዎች ጋር

ደሴ ውስጥ በቤቴ ሳሎን ያቆምኩት የዓሣ ገንዳ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ እስከ አፉ ቢሞላ 112 ሊትር ይይዛል፤ መስታወቱም ባለ 8 ሚሊ ሜትር ነው። የመስታወቱን ውፍረት አስቀድሜ መጥቀሴ የማግኔት መጥረጊያ (መስታወቱን መሐል አድርገው ከውስጥና ከውጭ በሚሳሳቡ ሁለት ክፍሎች የሚያጸዳ መሣሪያ) ሊገዛ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ቁጥር ስለሆነ ነው። የማግኔት የመሳብ ኃይል ርቀት ሲጨምር በጣም በፍጥነት ስለሚወድቅ፣ ለስስ መስታወት የተሠራ መጥረጊያ ወፍራሙን መስታወት አልፎ አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል።

የመጀመሪያው መጥረጊያዬ እንዲህ ያለ ነበር። ውስጠኛው ክፍል አልጌውን (መስታወቱ ላይ በውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ሽፋን) የሚፍቅ ሻካራ ፊት ያለው ሲሆን፣ ውጨኛው ደግሞ ለስላሳ ጨርቅ የለበሰና በእጅ የሚንቀሳቀስ ነው። ወደ ገንዳው ማዕዘን በደረስኩ ቁጥር ውስጠኛው ተላቅቆ አሸዋው ላይ ይወድቃል፤ እኔም እጄን ላለማርጠብ ስል በውጨኛው ስቤ አነሣውና ሥራዬን እቀጥላለሁ። አንድ ምሽት የገንዳውን መብራት ሳበራ ከፊት ለፊት መስታወቱ ላይ አንድ ስንዝር የሚያህል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት አየሁ። ውስጠኛውን ክፍል አውጥቼ ፊቱን በጣቴ ስዳብስ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በሻካራው ክር መካከል ተሰንቅራ አገኘኋት። በገንዳው ያነጠፍኩት ለግንባታ ከሚሸጠው የወንዝ አሸዋ በደንብ ታጥቦ የገባ ነው፤ ይሁን እንጂ የቱንም ያህል ቢታጠብ በውስጡ ከመስታወት የሚጠነክሩ ቅንጣቶች አይጠፉም። ጭረቱ ዛሬም አለ፤ አልጌም ከሌላው ቦታ ቀድሞ የሚይዘው ያንኑ መስመር ነው። ከዚያ ወዲህ ከአሸዋው በላይ ሁለት ጣት ያህል ያለውን ቦታ በማግኔት አልነካም፤ አገልግሎቱ ባበቃ የፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ እፍቀዋለሁ። አሸዋ ላይ የወደቀ ክፍልም በእጄ አውጥቼ፣ አለቅልቄና ፊቱን ዳብሼ ሳላረጋግጥ ወደ መስታወቱ አይመለስም።

ሁለተኛውን መጥረጊያ ከውጭ ሀገር የመጣ ዘመዴ ነው ያመጣልኝ። ማግኔቱ ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን የተሠራው ዓይነት ሲሆን፣ 8 ሚሊ ሜትሩን መስታወት አልፎ አጥብቆ ስለሚይዝ በማዕዘን ላይም አይላቀቅም። ጥንካሬው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱን ክፍሎች ጠረጴዛ ላይ ሳቀራርባቸው ተስፈንጥረው ተጋጩና አውራ ጣቴ በመካከላቸው ተይዞ ለሳምንት ያህል ደም ቋጥሮ ሰነበተ። አሁን ውስጠኛውን በአንድ እጄ መስታወቱ ላይ ደግፌ ከያዝኩ በኋላ ውጨኛውን ከላይኛው ጠርዝ በዝግታ አንሸራትቼ አገናኛቸዋለሁ፤ ሳለያያቸውም እንዲሁ አንሸራትቼ እንጂ ፊት ለፊት ስቤ አይደለም። ማግኔቱ ተሰባሪ በመሆኑ ግጭት ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ውሃ ከገባበት ደግሞ ይዝጋል። ከሕፃናት አጠገብ ማኖርም ሆነ የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው እንዲይዘው ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

አንድ ጊዜ ውስጠኛውን ክፍል ከጀርም ለማጽዳት በፈላ ውሃ ልቀቅለው አስቤ ነበር። የተለመደው የኒዮዲሚየም ማግኔት ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ኃይሉን ማጣት እንደሚጀምር ባነብ ኖሮ አላስበውም ነበር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ በመሆኗ ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ቢፈላም፣ ይህም ቢሆን ከ80 ይበልጣል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃና በጥርስ ብሩሽ ብቻ አጸዳዋለሁ፤ ሳሙና አላስነካውም።

አሠራሬን ከሁሉ ይልቅ የለወጠው ግን አጉሊ መነጽሩ ነው። ውስጥ በሚቀመጥ ትንሽ ማግኔት እየታገዘ በውጭ በኩል መስታወቱ ላይ ይጣበቃል፤ እጄ ስለማይዘውም ምስሉ አይንቀጠቀጥም። በዓይን ብቻ ሳየው አረንጓዴ ጭጋግ የሚመስለኝ አልጌ በመነጽሩ ውስጥ ሲታይ ነጠብጣብ የሆነው፣ ክር የሆነውና ቡናማው ዓይነት ተለይቶ ይወጣል። በዓሣ ክንፍ ላይ እንደ ጨው ቅንጣት የሚታየውን የነጭ ነጠብጣብ በሽታም ከመስፋፋቱ በፊት ለማግኘት ይረዳል።

ባለፈው እሑድ ልማዴ እንደሆነው ውሃ ቀየርኩ። የቧንቧ ውሃ በጀሪካን ቀድቼ፣ ክሎሪኑ እንዲተን ክዳኑን ከፍቼ ከአንድ ቀን በላይ አቆየዋለሁ፤ ከደሴ ሌሊት የተነሣ ከገንዳው ውሃ በጥቂት ዲግሪ ቀዝቅዞ ነበር። በገንዳዬ ያሉት ኮሪዶራሶች (ወለሉ ላይ የሚኖሩ ትናንሽ ዓሦች) እንዲህ ያለውን ቅዝቃዜ እንደ ዝናብ ወቅት መምጣት ስለሚቆጥሩት ብዙ ጊዜ ዕንቁላል ይጥላሉ። ሰኞ ጠዋት መጥረጊያውን ከማንሣቴ በፊት መነጽሩን በግራው መስታወት ላይ ሳስጠጋ፣ አልጌው መካከል የተጣበቁ አሥራ አራት ክብ ዕንቁላሎች አየሁ። ሦስቱ ጥጥ የመሰለ ሻጋታ ይዘዋል፤ የቀሩት ጠርተው ይታያሉ። ያንን ጎን ሳልነካ የቀረውን ብቻ ጠረግሁ፤ ትልልቆቹ ዓሦች እንዳይበሏቸውም በቀዳዳ የተሞላ የፕላስቲክ ክዳን መስታወቱ ላይ አስደገፍኩባቸው። በአራተኛው ቀን በመነጽሩ ስመለከት በአንዱ ዕንቁላል ውስጥ ሁለት ጥቁር ዓይኖች ነበሩ፤ ጅራቱም በቅርፊቱ ውስጥ ደጋግሞ ይመታል።