የለጠፍኩት ሠንጠረዥ

ነርስ ነኝ። ይህ የሆነው በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ያኔ ከፒያሳ ወደ ለገሃር በሚወርደው መስመር አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የጥራት ክፍል አስተባባሪ ነበርኩ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ብጠራው ያቺን ሴት ሁለተኛ መጠቆም ይሆንብኛል።

በየክፍሉ በር አጠገብ በሲባጎ የታሰረ የአስተያየት መዝገብ ነበረን። እስክሪብቶውም እንዳይጠፋ በሲባጎ ታስሯል። የመዝገቡን ዓምዶች ያሰመርኩት እኔ ነኝ፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የካርድ ቁጥር፣ አስተያየት፣ ፊርማ። ያኔ «ሙሉ ስም ለምን ያስፈልጋል?» ብባል «ለክትትል» እል ነበር። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። ለሱፐርቪዥን የሚመጡ ሰዎች ስም የሌለው አስተያየት ሲያዩ «ራሳችሁ ጽፋችሁት ቢሆንስ?» ይላሉ። ስልክ ካለ መርጠው ይደውላሉ፣ ያረጋግጣሉ። ስለዚህ የተገልጋዩ ስም እዚያ ላይ የሚሰፍረው ለእሱ ጥቅም ሳይሆን ለእኛ ማስረጃ ነበር። ይህን ለራሴ ያመንኩት ግን ካጠፋሁ በኋላ ነው።

በዚያ ሩብ ዓመት የተሰጠን ግብረ መልስ «አስተያየት ትሰበስባላችሁ፣ ምላሽ ግን አትሰጡም» የሚል ነበር። እውነታቸውን ነው። ሁለት ቀን አምሽቼ ከየክፍሉ መዝገብ እየለቀምኩ በኤክሴል ሠንጠረዥ ሠራሁ። የአስተያየት ሰጪው ስም፣ የሚመለከተው ክፍል፣ የቀረበው ቅሬታ፣ የተሰጠው ምላሽ። በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ያለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። ፎቶ አንስቼም በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ላክሁት። ያደነቁኝ ብዙ ነበሩ። እኔም ግልጽነት ማለት ይህ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ተራ ቁጥር 17 ላይ የአንዲት ሴት ሙሉ ስም ከነአባቷ አለ። ክፍል 9። ቅሬታ፦ «2:30 ይከፈታል ተብሎ የሚከፈተው 3:15 ነው። ሥራ ቦታ ደመወዝ ይቆርጡብኛል።» ምላሽ፦ «ይስተካከላል።»

ክፍል 9 ኤአርቲ፣ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ክፍል ነው። በሩ ላይ ከቁጥሩ በቀር ምንም አልተጻፈበትም፤ ሆን ተብሎ ነው፣ ገቢና ወጪው እንዳይለይ። ነገር ግን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ ከ1997 ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ! የዚያ ኮሪደር መጨረሻ ምን እንደሆነ ያልሰማ የሠፈር ሰው የለም። እኔ ስለ በሽታ አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ስምና ክፍል 9ን በአንድ መስመር ላይ ሳስቀምጥ ግን የምርመራ ውጤቷን ለጥፌያለሁ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጣች። ዕድሜያችን ተቀራራቢ ነው። የጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ሰማያዊ ሽርጧን ሳታወልቅ ነው የመጣችው።

«ሲስተር፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን አንቺ ነሽ የለጠፍሽው?»

«አዎ እህቴ፣ ምነው?»

በሩን ዘጋችው። አልጮኸችም። «አስራ ሰባትን አንብቢልኝ» አለች። የሠንጠረዡ ኮፒ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ማንበብ ጀመርኩ። ስሟን ካነበብኩ በኋላ ቀና ብዬ አየኋት። «ቀጥዪ» አለችኝ። «ክፍል ዘጠኝ» አልኩ።

«እሱን ነው» አለች።

ጎረቤቷ ናት ያየችው። አንድ ግቢ ይኖራሉ፣ ውኃ የሚቀዱት ከአንድ ቧንቧ ነው። ልጇን ልታስከትብ መጥታ ወረፋ ስትጠብቅ ሰሌዳውን አነበበች። በክፋት አይደለም፤ ማታ ቤቷ ድረስ ሄዳ «አይዞሽ፣ እኔ ለማንም አልናገርም» አለቻት። የ14 ዓመት ልጇ እዚያው ደብተሯን ዘርግታ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር።

«ልጄ አታውቅም ነበር፣ ሲስተር» አለችኝ።

ምን እንዳልኳት በትክክል አላስታውስም። ይቅርታ ብያለሁ። ሮጬ ወጥቼ ሠንጠረዡን ከሰሌዳው ላይ ገነጠልኩት፤ ተመልሼም «ተነስቷል» አልኳት።

«ሰሌዳውን አይደለም የጠየቅኩሽ። ስሜ አሁን የት የት አለ?»

መልስ አልነበረኝም። ሁለት ቀን ስጪኝ አልኳት።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ያየሁትን ማንም በአስተያየት ሥራ ላይ ያለ ሰው አንድ ጊዜ ቢሞክረው ደስ ይለኛል። አንድ ስም ይያዝና የሄደበትን ይከተል። መጀመሪያ መዝገቡ ላይ አለ። ከዚያ ጥራት ክፍል ኮምፒውተር ላይ፣ ያውም የይለፍ ቃል በሌለው፣ ተለማማጅ ተማሪዎች ሳይቀሩ በሚጠቀሙበት። ለማሳተም የወሰድኩበት ፍላሽ ላይ። ሥራውን ያሳተምኩበት ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ፤ ልጁ «ዴስክቶፕ ላይ አለ፣ አልጠፋም» ብሎ አሳየኝ፣ ከሰው የሠርግ ጥሪ ጎን። ስልኬ ውስጥ፣ ከስልኬም አልፎ ፎቶዎቼ በራሳቸው ወደሚቀመጡበት የኢሜይል አካውንቴ ውስጥ። ቴሌግራሙ ላይ። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት አባሪ ሆኖ ደግሞ በሦስት ኮፒ።

ቴሌግራሙን ከሁሉም እንዲጠፋ አድርጌ አጠፋሁት። አስቀድሞ ያወረደው ወይም ለሌላ ያስተላለፈው ሰው ዘንድ ግን ይቀራል። ግሩፑ ውስጥ ላሉት አንድ በአንድ ደወልኩ። ስሟን ሳልጠራ «የላክሁት ፎቶ ስልክህ ውስጥ ካለ አጥፋልኝ» እያልኩ ለመንኩ። አብዛኞቹ ወዲያው አጠፉልኝ። ሁለቱን ላገኛቸው አልቻልኩም።

ከሁሉ ያስቸገረን መዝገቡ ነው። ገጹ ቁጥርና ማኅተም ስላለው «ሰነድ አይቀደድም» ተባለ። ስሟ ላይ በጥቁር ማርከር አሰመርንበት። ገጹን ገልብጬ በመስኮቱ ብርሃን ሳየው ስሟ ከጀርባው ይነበባል። እስክሪብቶውን ተጭና ነበር የጻፈችው፤ የፊደሎቹ ጉብታ በጣቴ ሁሉ ይሰማኛል። በመጨረሻ ኃላፊው ፈቅደው፣ ቃለ ጉባኤ ይዘን፣ ስሙና ስልኩ ያለበትን ቦታ በመቀስ ቆርጠን እንድናወጣ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን የሚጽፈው ባልደረባዬ «የወይዘሮ» ብሎ ጀመረና ስሟን ሊጽፍ ሲል እጁን ያዝኩት። «ተራ ቁጥር 17 በል» አልኩት። ልማድ እንዲህ ነው። ስም የምናጠፋበት ወረቀት ላይ ስም እንጽፋለን።

ቆርጠን ስንጨርስ በቀዳዳው በኩል ከሥር ያለው ገጽ ታየ። የሌላ ሰው ስም ነበር፣ ከነስልኩ።

ተያየን። ማታውን አምሽተን የክፍል 9ን መዝገብ ብቻ ሳይሆን የቲቢውን፣ የአእምሮ ጤናውን፣ የቤተሰብ ዕቅዱን ሁሉ ከየበሩ ፈትተን አስገባናቸው። ለካ ማንም ተራ ጠባቂ ቆሞ ወደ ኋላ እየገለጠ ሊያነባቸው ይችል ነበር። ሲባጎው መዝገቡን ከሌባ ጠበቀው እንጂ በውስጡ ያሉትን ሰዎች ከማንም አልጠበቃቸውም።

በማግስቱ በተደረገው ስብሰባ አንድ ከፍተኛ ባለሙያ «የሕክምና ካርድ አላወጣንም፣ በፈቃዷ የሰጠችውን አስተያየት ነው የለጠፍነው፤ አታጋኑት» አሉ። ብዙ ሰው ልቡ ውስጥ ያለውን ነው የተናገሩት። የታካሚ ካርድ ምስጢር መሆኑን ሁላችንም ተምረናል። የሙያ ምስጢር ማውጣት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 እንደሚያስቀጣም የሰማን አለን። አስተያየት ግን እንደ ሕዝብ ግንኙነት ሥራ ስለሚታይ ያ ጥንቃቄ አይደርሰውም። ሴትየዋ የፈቀደችው በሩ እንዲከፈትላት ነው። ሰሌዳ ላይ እንድትወጣ ማን ጠየቃት?

ከዚያ በኋላ ነው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አትሜ ያነበብኩት። የጤና ሁኔታን የሚገልጽ መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ተርታ ነው የተመደበው። መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዛል። ጥሰት ሲደርስም ከታወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ እንደሚገባ ይደነግጋል። እኔ ይህን ሳነብ ሴትየዋ ቢሮዬ ከመጣች ሳምንት አልፎ ነበር። ማወቅ የነበረብን ሠንጠረዡን ከመለጠፋችን በፊት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የተጻፈው የግል ሕይወት የመከበር መብት ደግሞ ከሁላችንም የሥራ ዘመን ይበልጣል።

አሁን የምንጠቀመው ስም የሌለው ትንሽ ቅጽ ነው። ምላሽ የሚፈልግ ሰው ቁጥር ያለበትን ጉራጅ ቀዶ ይወስዳል፤ በቁጥሩ መጥቶ ይጠይቃል። እንዲደወልለት የፈለገ ስልኩን በተለየ ወረቀት ይጽፋል፤ ምላሹ እንደተሰጠ ወረቀቱ ይቃጠላል። ሰሌዳው ላይ የሚወጣው ጉዳዩ ብቻ ነው። ሱፐርቪዥን ሲመጣ የጉራጆቹን ግንድ እናሳያለን። የመጀመሪያው ዙር አስቸጋሪ ነበር፤ «ይህ ማስረጃ አይሆንም» ብለው ነጥብ ቀነሱብን። ነጥቡ ይቀነስ አልን። በዚህ አቋሜ ዛሬም አልጸጸትም።

ስም መተው ብቻውን እንደማይበቃ ያየነው ትንሽ ቆይተን ነው። «በተሽከርካሪ ወንበር ስለምመጣ የላቦራቶሪው ደረጃ አስቸገረኝ» የሚል ቅጽ ደረሰን። ስም የለውም፤ ግን በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ክትትል ያለው ሰው እኛ ዘንድ አንድ ብቻ ነበር። ሰሌዳው ላይ «የላቦራቶሪው ደረጃ መወጣጫ ይሠራለት» ብለን ብቻ ጻፍን። መጻፍ የማይችሉ እናቶችም አሉ። ድሮ የበር ጥበቃው እዚያው ወረፋው መሀል «ምን ልበልልዎት እማማ?» እያለ ጮክ ብሎ ይጽፍላቸው ነበር። ቅን ሰው ነው፣ መርዳቱ ነው። ግን አንዲት እናት በሰው ፊት ስለ ማህፀናቸው ሕመም ሲያስጽፉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አሁን ወደ ክፍል ገብተው ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚናገሩት።

ወደ ሴትየዋ ልመለስ። በቀጠርኳት ቀን መጣች። ስሟ የነበረበትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ያጠፋሁትንም፣ ማጥፋት ያልቻልኩትንም። ያላገኘኋቸውን ሁለት ሰዎች አልደበቅኳትም። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ትራንስፈር እንዲጻፍላት ጠየቀች። መድኃኒቷን በ6 ወር አንዴ ነበር የምትወስደው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው እኛን የምታየን። ሎስት ትሆንብናለች፣ ክትትሏን አቋርጣ ትጠፋብናለች ብዬ ፈርቼ ስለነበር ወረቀቱን ስትጠይቀኝ ቢያንስ ሕክምናዋን አልተወችም ብዬ ተጽናናሁ። የታካሚዎችን ክትትል የሚይዘው ኬዝ ማናጀራችን ጽፎ በፖስታ አሽጎ ሰጣት።

በሩ ጋ ደርሳ ዞር አለች። «ክፍሉስ? በሰዓቱ ይከፈታል አሁን?»

አላውቅም ነበር። «ይስተካከላል» ብዬ ሠንጠረዡ ላይ የጻፍኩት ማንንም ሳልጠይቅ ነው። ያ ሁሉ ሲሆን፣ ስሟን ለማጥፋት ስንት ቀን ስንሯሯጥ፣ የተናገረችውን ነገር አንዳችንም አላነሳነውም።

በማግስቱ ጠዋት 2:15 ላይ ክፍል 9 በር ላይ ቆምኩ። አምስት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ይጠብቃሉ፤ ፊታቸውን ወደ ኮሪደሩ የሰጠ የለም። የክፍሉ ነርስ 3:10 ላይ እያለከለከች መጣች። ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምትመጣው፣ ታክሲ ወረፋ ላይ ከ12 ሰዓት ጀምራ ቆማ ነበር። የክፍሉ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እሷ ዘንድ። በምሳ ሰዓት ወጥቼ መንገድ ዳር ካለ ቁልፍ ቀራጭ ሁለተኛ ቁልፍ አስቀረጽኩና አቅራቢያ ለምትኖረው የፋርማሲ ባለሙያ ሰጠናት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በሩ 2:30 ላይ ይከፈታል።

ይህን ልነግራት ፈለግሁ። ስልኳን ግን ከመዝገቡም፣ ከኮምፒውተሩም፣ ከራሴም ስልክ አጥፍቼዋለሁ። የክትትል ካርዷ ላይ አለ፤ ኬዝ ማናጀሩን ብጠይቀው በአንድ ደቂቃ ያወጣልኛል። ያንን ቁጥር የሰጠችው ግን ለመድኃኒት ቀጠሮዋ ነው።