አሮጌው ሳይዘጋ አዲሱ አያተርፍም

«ኢአርፒ ወጪውን በስንት ዓመት ይመልሳል?» የሚለው ጥያቄ አዳማም ውስጥ እየተለመደ መጥቷል። ኢአርፒ ማለት የአንድ ድርጅት ሒሳብ፣ ግዥና ንብረት በአንድ ላይ የሚመራበት ሶፍትዌር ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን ወጪውን የሚመልሰው ምኑ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

ኢአርፒ የሚያስገባ ሠራዊትን ለምሳሌ እንውሰድ፤ ሠራዊት ዕቃ አይሸጥም። ትርፉ በሽያጭ አይታይም ማለት ነው። ታዲያ የሚታየው በምንድን ነው? አውሮፕላኑ መለዋወጫ ሲፈልግ ዕቃው የት እንዳለ ወዲያው በመታወቁ፣ በመጋዘን ሞልቶ ሳለ ድጋሚ ባለመገዛቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ድሮ ለአሮጌዎቹ ሲስተሞች ጥገና ይወጣ የነበረው ገንዘብ በመቅረቱ ነው። ይሄ የመጨረሻው የሚመጣው አሮጌዎቹ ሲዘጉ ብቻ ነው።

የአሜሪካ አየር ኃይልን እዩ። ከ200 በላይ ሲስተሞችን ኦራክል በተባለው ኩባንያ አንድ የኢአርፒ ሶፍትዌር እተካለሁ ብሎ ተነሳ። እንደ ፈረንጆቹ በ2012 መጨረሻ ፕሮጀክቱ ሲሰረዝ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈሶበታል። ለመቀጠል ሌላ 1.1 ቢሊዮን ይጠይቅ ነበር፣ ያውም ከመጀመሪያው ዕቅድ ሩቡን ለማግኘት! በ2014 የወጣው የሴኔት የምርመራ ሪፖርት እንደሚለው፣ የሚተኩት ሲስተሞች ስንት እንደሆኑ እንኳ በቅጡ አይታወቅም ነበር። አሠራሩን ለመቀየርም ድርጅቱ ውስጥ ብርቱ እምቢታ ነበር።

ይሄ የአሜሪካ ችግር ብቻ አይደለም። እዚሁ አዳማ የማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት ሲስተም ከገባለት ቆይቷል። ስቶር ኪፐሩ ግን ዛሬም ዕቃውን ሞዴል 19 በተባለው የወረቀት መረከቢያ ደረሰኝ ይቀበላል፣ መደርደሪያው ላይ በተንጠለጠለው የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ (ቢን ካርድ) ያሰፍራል፣ ከዚያ ማምሻውን እንደገና ኮምፒውተር ላይ ይመዘግባል። ሰኔ ላይ ቆጠራ ሲመጣ ሦስቱ አይገጥሙም። አለቆቹ የሚያምኑት ቢን ካርዱን ነው። ሲስተሙ ለዚያ ሰውዬ የጨመረለት ነገር ቢኖር ሥራ ብቻ ነው፣ እሱ ላይ መፍረድ ደግሞ ግፍ ነው።

የአሜሪካ ማሪን ኮር (የባሕር ወለድ ጦሩ) ሌላ መንገድ ሄደ። የቆየውን የሒሳብ ሲስተሙን ትቶ ወደ አዲስ ተሻገረ፣ ንብረቱንም በየመጋዘኑ እየዞረ በአካል ቆጠረ። የ2023 በጀት ዓመት ሒሳቡም ከኦዲት በንጽሕና ወጣ። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት በጥቅሉ ግን እንደ ፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ በየዓመቱ ኦዲት ቢደረግም እስካሁን አላለፈም።