በኦንታሪዮ ምክር ቤት የዋልኩበት ማክሰኞ

ቶሮንቶ የገባሁት ከተማዋ ሐዘን በተቀመጠችበት ሌሊት ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ። የቤዝቦል ቡድናቸው ብሉ ጄይስ በዋንጫው የመጨረሻ ጨዋታ በሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ 5 ለ 4 ተሸነፈ፣ ያውም በጭማሪ ዙር። የአክስቴ ልጅ ባል ፎቅ ላይ ሆኖ ይጮሃል። እኔ ቤዝመንት ሶፋ ላይ ተጋድሜያለሁ፣ ከጆሮዬ አጠገብ ማሞቂያው በየሩብ ሰዓቱ ይጓጉራል። ያም አልበቃ ብሎ በዚያው ሌሊት ከተማው ሙሉ ሰዓቱን ወደ ኋላ መለሰ። ጠዋት ስነሳ ስልኬ ሌላ ይላል፣ የምድጃው ሰዓት ሌላ ይላል፣ ሆዴ ደግሞ በአዲስ አበባ አቆጣጠር ምሳ ይጠይቃል። ሰዓት የሚያህል ነገር በዓመት ሁለቴ የሚነካካ ሕዝብ እንዴት ሠልጥኗል እንደሚባል አሁንም አልገባኝም።

እሁድና ሰኞ በዘመድ ጥየቃ አለፉ። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ክትፎ በላን፣ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ናያጋራ ፏፏቴ እንውሰድህ አሉኝ። ጢስ ዓባይን በክረምት ያየሁ ሰው ነኝ፣ ውኃ ሲወድቅ ለማየት አልመጣሁም፣ የክፍለ ሀገራቸውን የኦንታሪዮን ምክር ቤት ነው ማየት የምፈልገው አልኩ። የአክስቴ ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አንተ ሰው፣ ደህና ነህ? ሰው ካናዳ ድረስ መጥቶ ስብሰባ ይገባል?» ደግሞ ወዲያው «ከገባህ አይቀር ለካሜራው ነገር አመስግንልኝ» አለች። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራዎችን የሚከለክል ሕግ ገና በዚያው ሰሞን አጽድቆ ነበር። እሷ ደግሞ ትምህርት ቤት አጠገብ ሁለት ጊዜ ተቀጥታለች። ልጆቿም እዚያው ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። ዝም አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት በባቡር ሄድኩ፣ 3 ዶላር ከ30 ሳንቲም። ኩዊንስ ፓርክ ጣቢያ ወርጄ ቡና ልጠጣ አንድ ቤት ገባሁ። ስኒዋ አምስት ዶላር ተጠጋች፣ እሺ። ካርዴን ሳስጠጋ ግን ማሽኑ ጉርሻ ስንት ትሰጣለህ ብሎ ጠየቀኝ፤ ዝቅተኛው 18 በመቶ። ልጁ ያደረገው ነገር ቢኖር ቡናውን ቀድቶ መግፋት ነው። ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አላነሳም። ሰጠሁ፣ እየተናደድኩ።

«ጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን የተናገረ አባታችን የቶሮንቶን ቢያይ ኖሮ ሙሉ ሰንጋ ይል ነበር። የምክር ቤቱ ሕንፃ ግን ብርዱን ያስረሳል። ቀላ ያለ ሮዝ የአሸዋ ድንጋይ ነው፣ ግዙፍ፣ በፈረንጆቹ 1893 የተከፈተ። ምዕራባዊ ክንፉ በ1909 ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል። መግቢያው ነፃ ነው። ፍተሻ አለ፣ ካፖርትና ቦርሳ ይቀመጣል። ፎቶ ማንሳት የለም፣ ከላይ ሆኖ ማጨብጨብም የለም። የጥበቃ ሠራተኛው ሰማያዊ የብሉ ጄይስ ካልሲ አድርጓል፤ አየሁትና «አይዞህ» የሚል ፊት አሳየሁት። ራሱን ነቀነቀ።

የጥያቄ ሰዓት የሚጀምረው በእነሱ አሥር ተኩል ላይ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። ሕዝብ የሚቀመጠው ፎቅ ላይ ነው፣ አዳራሹን ቁልቁል እያዩ። አጠገቤ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ነበሩ። ከአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ በሌሊት አውቶቡስ ነው የመጡት። የከተማቸው ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ማታ ማታ እየተዘጋ ስላስቸገራቸው አቤቱታ አስፈርመዋል፤ ያን ቀን ከሰዓት የእሳቸው ተመራጭ ሊያቀርበው ነው። ብቻዬን መሆኔን አይተው ይመስለኛል፣ ማን ማን እንደሆነ በሹክሹክታ ያስተምሩኝ ጀመር። ተሳስቼ እጄን ልጠቁም ስል መታ አድርገው መለሱልኝ። መምህርት ናቸው፣ አለቀ።

ወንበሩ 124 ነው። በየካቲት 2025ቱ ምርጫ የክፍለ ሀገሩ መሪ የዳግ ፎርድ ወግ አጥባቂዎች 80ውን ወስደዋል፣ ለሦስተኛ ጊዜ በተከታታይ። እኔን የገረመኝ ሌላው ሒሳብ ነው። ሊብራሎቹ ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አግኝተው 14 ወንበር ያዙ። ኤንዲፒ (ግራ ዘመሙ አዲሱ ዴሞክራቲክ ፓርቲ) ከ19 በመቶ በታች አግኝቶ 27 ወንበር ያዘ፣ ዋና ተቃዋሚም እሱ ነው። በየምርጫ ወረዳው አንደኛ የወጣ ጠቅልሎ ይወስዳል። የእኛም አሠራር ይኸው ስለሆነ ለመሳቅ አልቸኮልኩም።

ከመንግሥት ወንበሮች በላይ ንስር ተቀርጿል፣ ከተቃዋሚዎቹ በላይ ጉጉት። እያንዳንዱ ወገን ፊት ለፊቱ ያለውን ነው የሚያየው። ተቃዋሚው ንስሩን እያየ መንግሥትን ነቅቶ እንዲጠብቅ፣ መንግሥት ደግሞ ጉጉቷን እያየ አስተዋይ እንዲሆን። መምህርቷ ይህን ሲነግሩኝ ጉጉት እኛ አገር ቤት ላይ ከጮኸች ሞት እንደሚፈራ ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት። ግን ሚኒስትሮቹን ባየሁ ቁጥር እሷ ትዝ ትለኛለች።

ጥያቄው ጀመረ። የሰሞኑ ወሬ የ2.5 ቢሊዮን ዶላሩ የክህሎት ማሠልጠኛ ፈንድ ነው። ዋና ኦዲተሯ ከአንድ ወር በፊት ባወጡት ሪፖርት ገንዘቡ የተሰጠበት አመራረጥ ፍትሐዊ አይደለም ብለዋል። ገንዘብ ካገኙት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ነጥብ የተሰጣቸው ናቸው። ተቃዋሚ ይነሳል፣ ለምን ብሎ ይጠይቃል። ሚኒስትር ይነሳል፣ ስንት ሺ ሰው እንደሠለጠነ ይናገራል። የራሱ ወገን ቆሞ ያጨበጭባል። ያው ጥያቄ በሌላ ሰው አፍ ይመጣል፣ ያው መልስ በሌላ ሰው አፍ ይሄዳል። የተጠየቀውን የመለሰ አንድ ሰው ቆሜ ብጠብቅ ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበርኩ።

ጩኸቱ ደግሞ! እኔ ጩኸት አልወድም። የሰፈራችን እድር እንኳ ሰብሳቢው «ሥነ ሥርዓት!» ካለ ጸጥ ይላል፣ እዚህ ግን አፈ ጉባኤዋ ዶና ስኬሊ (በኦንታሪዮ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ናቸው) ሰው ሲያስጠነቅቁ የዚያኛው ረድፍ ይነሳል። ሁሉም የሚናገረው ለአፈ ጉባኤዋ ነው፣ እርስ በርስ ቀጥታ መነጋገር ክልክል ነው። በስም መጥራትም ክልክል ነው፣ በምርጫ ወረዳ ነው የሚጠራው። ባዶ ወንበር አይተህ እከሌ ዛሬ የለም ማለት አይቻልም። ሰውን ውሸታም ማለትማ ጭራሽ። አንዱ ወደዚያ የሚጠጋ ነገር ተናገረና ቃሉን እንዲያነሳ ታዘዘ። ብድግ ብሎ «አንስቻለሁ» አለ፣ ተቀመጠ፣ ፈገግ አለ። ከዚያ ጎረቤቱ ትከሻውን ቸብ አደረገው።

በመሃል ከገዥው ፓርቲ አንድ ሚኒስትር ያልሆነ የኋላ ወንበር ተመራጭ ተነስቶ፣ ክቡር ሚኒስትር ስለሚሠሩት ድንቅ ሥራ ቢያብራሩልን የሚል ጥያቄ አነበበ። ከወረቀት። ሚኒስትሩም መልሱን ከወረቀት። ይህችንስ አውቃታለሁ አልኩ በልቤ፣ እስከ ካናዳ ድረስ ትመጣለች ብዬ ነው ያልገመትኩት።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልመን። መልስ ባይሰጡም ይመጣሉ። ምክር ቤቱ በሚሰበሰብበት ሳምንት ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ ሥልጣን ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ፊት ለፊት ይሰደባል፣ ካሜራ እየቀረጸው። እኛ ዘንድ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት የሚመጡበት ቀን አገር ሥራ ፈትቶ ቴሌቪዥን ላይ ይቀመጣል። እዚህ ከላይ የነበርነው የትምህርት ቤት ልጆችና ጥቂት ጡረተኞች ነን፣ አንዱም አንቀላፍቷል።

በዕረፍቱ ስለ በትራቸው አነበብኩ። አፈ ጉባኤ ፊት የሚቀመጥ ወርቅ ቅብ በትር ነው፣ እሱ ሳይቀመጥ ስብሰባ የለም። ሁለት አልማዞች አሉበት፣ ከሰሜን ኦንታሪዮ ከቪክተር ማዕድን ወጥተው በ2009 የተጨመሩ። ከዚህ በፊት የነበረውን ጥንታዊውን በትር አሜሪካኖች በ1813 በጦርነት ዘርፈውት ነበር፣ በ1934 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መለሱላቸው። 121 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። የእኛ የመቅደላ ዕቃ በ1868 ተወስዶ አብዛኛው እስካሁን እንግሊዝ አገር ነው። ይህን አንብቤ ሳንድዊቼ አልወርድ አለኝ።

ከሰዓት አዳራሹ ባዶ ለመሆን ምንም አልቀረውም። ያ ሁሉ የጮኸ ሰው ጠፍቷል። የአቤቱታ ሰዓት ደረሰ። የመምህርቷ ተመራጭ ተነሳ፣ ወረቀቱ ምን እንደሚል ባጭሩ ተናገረ፣ እኔም እስማማለሁ ብሎ ፈረመበት። ከዚያ ለተላላኪዋ ልጅ ሰጣት። ተላላኪዎቹ ከክፍለ ሀገሩ ሁሉ የተመረጡ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፣ ጥቁርና ነጭ ይለብሳሉ፣ ቀኑን ሙሉ ውኃና ወረቀት ያመላልሳሉ። ልጅቷ ቁልሉን በሁለት እጇ ተቀበለች፣ አገጯን አስደግፋ ወደ ጠረጴዛው ወሰደችው። ከላይ ያለው ወረቀት ሲንሸራተት በአገጯ ያዘችው። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አልሞላም።

መምህርቷን አየኋቸው። «በቃ?» አልኳቸው፣ ለእሳቸው አዝኜ።

«በቃ» አሉ። «ሱፐርማርኬት በር ላይ በበረዶ ቆመን ነው ያስፈረምነው። አሁን መንግሥት በ24 የስብሰባ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። እቆጥራለሁ።»

ቦርሳቸውን እስኪቀበሉ አብሬያቸው ወረድኩ። ለአውቶቡሱ ገና ጊዜ ነበራቸው፤ ምድር ቤት ባለው ካፊቴሪያ ሻይ ጋበዙኝ፣ ልክፈል ብል እምቢ አሉ። የድሮ ተማሪያቸው ምክር ቤት ገብቶ እንደሚያውቅና ስማቸውን ጠርቶ እንደማያውቅ አጫወቱኝ። ስለ እኛ አገር ሆስፒታል ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ቆዩ።

ቶሮንቶ የምትሄዱ ካላችሁ የጥያቄ ሰዓቱን ብቻ አይታችሁ አትውጡ። ግማሽ ሰዓቱ ይበቃል፣ የቀረውን መገመት ትችላላችሁ። ከሰዓት ተመለሱ። ቡናውን ግን ቤት ጠጥታችሁ ውጡ።