ከጁምዓ በኋላ

ዛሬ ዓርብ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ የሐረጎን ዳገት ጭጋግ ሸፍኖት ስለነበር ሚኒባሱ እየተንፏቀቀ ወጣ፤ እኔም ከሰውነቴ ይልቅ ልቤ የደከመ መስሎኝ መስኮቱን ተደግፌ መጣሁ። ሳምንቱ ከሌላው ሳምንት የከበደ አልነበረም። የተለየ ሥራ አልተሰጠኝም፣ ከማንም ጋር አልተጋጨሁም፣ የጭነት ሰነዶቼም በጊዜያቸው አልቀዋል። ድካሙ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ቀናቱን ወደ ኋላ ስመረምራቸው፣ ሳምንቱን ሙሉ እፎይ ያልኩት ዛሬ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ባለው ጊዜ ብቻ መሆኑን አስተዋልኩ። ከዚያ ወዲያ ሐሳቤ ሁሉ ወደዚያ ሄደ።

የዓርብ የምሳ ዕረፍት ከሌሎቹ ቀናት የሚረዝመው ለጁምዓ ሶላት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በእነዚህ ሁለት ሰዓታት ሥራ ያቆማሉ፣ የእኛም ፋብሪካ ቢሮ ይህንኑ ይከተላል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ሆኖም ከዕረፍቱ የማገኘው ሰላም ከሰጋጆቹ የሚያንስ አይመስለኝም። የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባችን ውዱእ ሊያደርግ እጅጌውን ሲሰበስብ፣ እኛ የፆም ምሳችንን ይዘን ከግቢው ዛፍ ሥር እንቀመጣለን። ስልክ አይጠራም። የሚፈልገን ሰው ክርስቲያን ደንበኛም ይሁን ጭነት ያስቸኮለው ሾፌር፣ «ከጁምዓ በኋላ» ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ የሚያኮርፍም የለም። ፈቃድ መጠየቅ ወይም ይቅርታ ማለት የማያስፈልገው ሌላ ዕረፍት አላውቅም።

ይበልጥ የሚያስደንቀኝ በዚህ ሥራው አለመበደሉ ነው። እንዲያውም በቢሯችን ከሳምንቱ ሁሉ ጉዳይ እልባት የሚያገኘው ዓርብ ጠዋት ነው። ሾፌሮቹ ከ5፡30 በፊት ጭነው ለመውጣት ስለሚፈልጉ ወረቀታቸውን አሟልተው በማለዳ ይደርሳሉ። ማክሰኞ ቢሆን «ቆይ እስኪ» የምንለውን ፊርማ ዓርብ ጠዋት ራሳችን ተነሥተን ሄደን እናስፈርማለን። ስብሰባ ቢጠራ እንኳ ማብቂያው ስለሚታወቅ ተናጋሪው መግቢያውን አሳጥሮ ወደ ፍሬ ነገሩ ይገባል። የሚያልቅበት ሰዓት የታወቀ ሥራ እንዲህ ከሆነ፣ ማለቂያ የሌለው ሥራ ምን እንደሚያስከትል ማታ ማታ እያየሁት ነው።

የቢሯችን የቴሌግራም ቡድን የሚነቃው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ኃላፊያችን «እንደምን አመሻችሁ፤ የክምችት ሪፖርት ይዘጋጅ» ብለው ይጽፋሉ። ወዲያው አንዱ «እሺ» ይላል፣ ሌላው «ተቀብያለሁ» ይላል፣ ሦስተኛው የተጋጠሙ እጆች ምልክት ያስቀምጣል። በዚያ መካከል ዝም ያለ ሰው ዝምታው ይታያል። እናቴ ቶናውን እየቀዳችልኝ የእኔ እጅ ወደ ስልኩ ይሄዳል። «እሺ» ብዬ ከጻፍኩ በኋላም ሪፖርቱ መቼ እንደሚፈለግ፣ የትኛውን መጋዘን እንደሚጨምር፣ ማን እንደሚያዘጋጀው ስላልተገለጸ ሐሳቤ እዚያው ይቀራል፤ እናቴ የጀመረችውን ወሬ ከመሐል ነው የምይዘው። በማግስቱ ቢሮ ስንገናኝ ሁለት ሰዎች ያንኑ ሪፖርት ሠርተውት እናገኛለን፤ አለዚያም አንዱ በሌላው ተማምኖ ማንም ሳይሠራው አድሯል።

ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደሉም። ባለፈው ወር ሻይ እየጠጣን ጉዳዩን ሳነሣባቸው ከልባቸው ደነገጡ።

«እኔ እኮ እንዳልረሳው ብዬ ነው የምጽፈው። በሌሊት መልሺልኝ ያልኩሽ መቼ ነው?» አሉኝ።

«አላሉም ጋሼ፤ ግን ጠዋት ይደርሳል ብለውን አያውቁም» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም ብለው «እውነትሽን ነው» አሉና ሌላ ጨዋታ ጀመሩ። ለእርሳቸው ማስታወሻ የነበረው ለእኛ ትእዛዝ ሆኖ ኖሯል፤ በአንድ ቢሮ እየዋልን ይህን ሳንነጋገር ስንት ጊዜ አለፈ!

በእኛው ግቢ ግን ይህን ችግር የተሻገሩ ሰዎች አሉ። የማምረቻ ክፍሉ ሠራተኞች በፈረቃ ስለሚሠሩ፣ ወጪው ፈረቃ ለገቢው ፈረቃ ሥራውን የሚያስረክብበት ደብተር አላቸው። ቁጥሩ ያልተስማማልኝን የጆንያ ሒሳብ ላጣራ ሄጄ ደብተሩን ስገልጠው ገጹ በዱቄት ነጥቶ ነበር። «የሁለተኛው ማሸጊያ ሚዛን አሳንሶ እየመዘነ ነው። ለመካኒክ ተነግሯል፣ ገና አልመጣም። እስኪመጣ ከየ10 ጆንያው አንዱ በእጅ ሚዛን ይረጋገጥ» ይላል። ከሥሩ የአስረካቢውና የተረካቢው ፊርማ አለ፣ ሰዓቱም ተጽፏል። ምን እንደተበላሸ፣ ምን እንደተደረገ፣ ለሚቀጥለው ሰው ምን እንደቀረ በዚህች አጭር ጽሑፍ ተጠናቅቋል፤ ጽፎ የፈረመው ሰው ቤቱ ገብቶ ይተኛል፣ ስለ ሚዛኑ የሚደውልለት የለም። ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። እኛ ኮምፒዩተር ፊት የምንውለው ከቢሮ ስንወጣ ሥራችንን የምናስረክበው ሰው ስለሌለ፣ እንደያዝነው ሐረጎን እንወጣለን።

ማታ ቤት ስደርስ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ቁጥር 1156/2011ን አውጥቼ አየሁት። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ የሳምንት ዕረፍቱ ደግሞ ከ24 ሰዓት ያላነሰና ያልተቆራረጠ መሆን አለበት። የሥራ ሰዓት የሚባለውም ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን፣ ሠራተኛው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ መሠረት ራሱን ለሥራ ያዘጋጀበት ጊዜ ጭምር ነው። ታዲያ እሑድ ከሰዓት በኋላ የምትገባ አንዲት መልእክት ዕረፍቱን ትቆራርጠዋለች ወይስ አትቆራርጠውም? ስልኬን ከአጠገቤ አድርጌ የማመሽበት ጊዜስ ከየትኛው ይቆጠራል? ደንባችን ጠብቂ ስለማይል በወረቀት ላይ ዕረፍት ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ፈልጌ አይደለም ይህን የምጽፈው፤ ያ ጊዜ የእናቴና የእኔ መሆኑ እንዲታወቅልኝ ስለምሻ ነው።

ፈረንሳዮች እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋሉት ሕግ፣ ቢያንስ 50 ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ስለሚላኩ መልእክቶች ከሠራተኞቻቸው ጋር እንዲደራደሩ ያስገድዳል። ከሕጉ የወደድኩት ለሁሉም አንድ ሰዓት ከመወሰን ይልቅ ተቀምጠው እንዲነጋገሩ ማዘዙን ነው። እኛ ዘንድ ለዚህ ሕግ መጠበቅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ወሎ ሳይጽፍ መስማማትን ያውቅበታል። በረመዳን አፍጥር ሲደርስ ለሥራ ጉዳይ መደወል ነውር መሆኑን ማንም አላስተማረንም፤ ሠርግ ላይ ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ ለየብቻ እንዲታረድ የሚያሳስብ ደብዳቤ ከማንም አይመጣም። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ለሃይማኖታችን ካዋልነው ለድካማችንም ማዋል አያቅተንም ብዬ አምናለሁ። ለብቻ የሚወሰድ ዕረፍት ግን ዕረፍት አይሆንም። ስልኬን ያጠፋሁበት ምሽት ሁሉም «እሺ» ብለው የእኔ ስም ብቻ ሲጎድል እየታየኝ፣ ከመልእክቱ ይልቅ ማጥፋቴ አስጨንቆኛል። የጁምዓው ሰዓት የሚያሳርፈኝ ሁሉም አብሮ ስለሚያርፍ ነው።

ይህን ሁሉ ለግዥ ክፍሏ እኅታችን ስነግራት ግን አልተስማማችም። ልጇን ከትምህርት ቤት ለማምጣት በ10 ሰዓት ስለምትወጣ፣ የቀራትን ሥራ የምትጨርሰው ልጁ ከተኛ በኋላ ነው። «ምሽቱ ከተዘጋማ እኔ መቼ ልሠራ ነው? እኔ እኮ የምተነፍሰው በእሱ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የእኔን ምሽት ለማስከበር የእሷን ቀን ላጣብብ አልፈልግም። ምናልባት መጻፉ ሳይከለከል፣ የሚጽፍ ሰው ማን እንደሚሠራውና ለመቼ እንደሚፈለግ አብሮ እንዲጽፍ፣ «እሺ» መባባሉም እስከ ጠዋት እንዲቆይ ብንስማማ ለሁለታችንም ይበጀን ይሆናል።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ አለን፤ የፈረቃውን ደብተር ይዤ ገብቼ ላነብላቸው ወስኛለሁ። ኃላፊያችን እንደሚቀበሉትም እገምታለሁ። ያልተመለሰልኝ ሌላ ነው። ጁምዓን የሚያስከብረው ሶላቱ ነው፤ ከኋላው እምነት ስለቆመ ማንም አይደፍረውም። ከእናት ጋር ቡና ለመጠጣት ብቻ ከሚፈለግ ምሽት ኋላ ምን ይቆምለታል?