3.2 ሳንቲ ሜትር

አባቴ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለው ጓሯችን ንብ ማነብ የጀመረው እኔ ሳልወለድ ነው። ቀፎው ሲያረጅ ይቀየራል። ስለ ንቦቹ ግን «የአያትህ ንቦች ናቸው» ይለኛል። ለወግ የሚለው ይመስለኝ ነበር።

አምና ነሐሴ ማለቂያ ላይ፣ አደይ ሳይፈነዳ፣ አንዱን ኅብረ ንብ ወደ ሽግግር ቀፎ ለማዛወር ተነሣሁ። ይህ ቀፎ ንቦቹ እያንዳንዱን የማር እንጀራ በአንድ አግዳሚ እንጨት ሥር እንዲያንጠለጥሉ የተሠራ ነው። ከላይ የሚደረደሩትን አግዳሚ እንጨቶች ራሴ ቆረጥኩ። ሰፋ ሲል ይመቻቸዋል ብዬ 4 ሳንቲ ሜትር አደረግኳቸው።

ማታ አባዬ አሮጌውን ቀፎ በጭስ እያጨሰ እኔ የማሩን እንጀራ ቆረጥኩ። እጭ ያለበትን በቃጫ አግዳሚዎቹ ላይ አሰርን። አውራዋን፣ ማለትም ንግሥቲቱን፣ አግኝቶ ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተታትና አዲሱ ቤት ውስጥ አስቀመጣት። የቀሩት ሽታዋን ተከትለው ግልብጥ ብለው ገቡ።

በሁለት ሳምንቱ ከፈትኩት። አንዱን አግዳሚ ሳነሣ ጎረቤቱም አብሮ ተነሣ። አዲሱ እንጀራ ተገመሰ። ነጫጭ እጮች መሬት ላይ ረገፉ። እንዴት እንዳዘንኩ!

በማግስቱ ባዶውን አሮጌ ቀፎ አገላብጬ አየሁት። እንጀራዎቹ የተንጠለጠሉበት ቦታ የሰፈፍ መስመር ቀርቷል። ማስመሪያ አስጠጋሁ። ከመስመር እስከ መስመር 3.2 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ቀጣዩም እንዲሁ። አዲሱ ቀፎ ውስጥም ያንኑ ልክ ይዘው ነበር የሠሩት። የመጀመሪያው እንጀራ በአግዳሚው መሃል ነው። ሁለተኛው 8 ሚሊ ሜትር ሸሸ። ሦስተኛው ሁለቱ እንጨቶች የሚገጥሙበት ላይ አረፈ። የሳትኩት እኔ ነበርኩ።

ልኩ ምክንያት አለው። እጭ ያለበት እንጀራ ውፍረቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በመሃል የሚቀረው መተላለፊያ ንቦች ጀርባ ለጀርባ ሆነው ወዲያና ወዲህ ለመሥራት ይበቃቸዋል።

አግዳሚዎቹን በ3.2 ቆርጬ ቀየርኩ። ኅዳር ላይ ስከፍት እያንዳንዱ እንጀራ በየራሱ እንጨት ላይ ተንጠልጥሏል። ዝም ብዬ ሳየው ቆየሁ። ሠራተኛ ንብ በሥራ ወራት የምትኖረው 6 ሳምንት ያህል ነው። ነሐሴ ላይ ካዛወርናቸው ምናልባት የቀረችው አውራዋ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ እንቁላል ትጥላለች እንጂ ሰፈፍ አትሠራም። የመጨረሻዎቹን እንጀራዎች የሠሩት ልጆቿ አሮጌውን ቀፎ አይተውት አያውቁም። ከሆዳቸው ሥር በሚያወጡት ሰፈፍ፣ ማንም ሳያሳያቸው፣ ያንኑ ልክ ደገሙት። የአባዬ ነገር ያኔ ገባኝ።

ንብ ላዛውር የሚል ሰው ቢጠይቀኝ፣ እንጨት ሳትቆርጥ መጀመሪያ የራስህን ቀፎ ለካ እለዋለሁ። ዘንድሮ ሁለተኛውን እያዘጋጀሁ ነው። በእያንዳንዱ አግዳሚ መሃል ለመሃል ቀጭን የሰፈፍ መስመር ቀብቻለሁ፤ ከዚያ ላይ ይጀምራሉ።