85 ውርወራ ይፈቀዳል፤ እኔ ግን 50 ላይ አቆማለሁ

በታችኛው የፕሮፌሽናል ቤዝቦል ሊግ ስድስት ዓመት ወርዋሪ (ለመቺው ኳስ የሚወረውር ተጫዋች) ሆኜ ተጫውቼ፣ ክርኔ አልታዘዝ ሲለኝ ወደ ተወለድኩበት ከተማ ተመለስኩ። ልጆችን ለማሠልጠን የሚጠየቀው ብዙ አይደለም፤ ቅጽ ይሞላል፣ የወንጀል ሪከርድ ይጣራል፣ አንድ ቅዳሜ ሥልጠና ይወሰዳል። ሣር ማጨዱና መሥመር ማስመሩም የአሠልጣኙ ሥራ ነው። ይህን ማንም ይወጣዋል። እኔ ያበላሸሁት ከሁሉ ሰው በላይ አውቀዋለሁ ባልኩት ነገር ነው።

የ12 ዓመት ወርዋሪ ነበረኝ። በመጀመሪያው ቀን በክርኔ ውስጠኛ ጎን ያለውን ረጅም ጠባሳ በጣቱ ነክቶ "ያማል?" አለኝ። ጠባሳው የቶሚ ጆን ቀዶ ሕክምና ነው፤ ዶክተር ፍራንክ ጆብ እ.ኤ.አ. በ1974 የጀመሩት፣ የተበጠሰ የክርን ጅማት ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ጅማት የሚተካበት። "አያመኝም" አልኩት።

የልጆች ቤዝቦል የውርወራ መመሪያ ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጆች በቀን እስከ 85 ውርወራ ይፈቅዳል፤ ከ51 እስከ 65 የወረወረ ሦስት ቀን ያርፋል። ልጁ ቅዳሜ 61 ወረወረ። ግማሽ ፍጻሜው ረቡዕ ስለነበር ሒሳቡ ልክ መጣልኝ። ሰኞ ግን አባቱ የኳስ መምቻ ዱላዎቹን መኪናዬ ላይ ሲጭንልኝ፣ "ትናንት ለሌላኛው ቡድኑ ሁለት ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ወርውሯል፤ ችግር የለውም አይደል፣ አሠልጣኝ?" አለኝ።

ለሊጉ ኃላፊ ደወልኩ። "የሌላ ቡድን ውርወራ እኛ መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ በወረቀታችን ረቡዕ መጫወት ይችላል" አለኝ። መመሪያው ልጁ የሚጫወትባቸው ቡድኖች ሁሉ በአንድ ላይ እንዲቆጠሩ እንደሚል አውቃለሁ። ሆኖም መስማት የፈለግኩትን ስለነገረኝ አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። ሰውየው እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ግን እሱ በሕይወቱ አንድ ኳስ አልወረወረም፤ እኔ ምን ሰበብ አለኝ?

ረቡዕ ከጨዋታው በፊት ልጁን ጠየቅኩት። "አያመኝም" አለ፤ ልክ እንደ እኔ። በአራተኛው ኢኒንግ ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ ክንዱን ማራገፍ ጀመረ። አይቼዋለሁ። መቁጠሪያዬ 43 ይላል፤ ገና ነው ብዬ ዝም አልኩ። 47ኛው ኳስ ከተቀባዩ ራስ በላይ አልፎ አጥሩን መታ። ወደ መቀመጫው ሲመለስ የውሃውን ክዳን በቀኝ እጁ ማዞር አቅቶት በጥርሱ ያዘው።

የተጎዳው ጅማቱ ሳይሆን ጅማቱ የሚያያዝበት፣ ገና በማደግ ላይ ያለው የአጥንቱ ክፍል ነበር። በልጅ ክርን ላይ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሸነፈው እሱ ነው። ሐኪሙ ሦስት ወር እንዳይወረውር አዘዘ።

ስለዚህ ደንቡ የፈለገውን ይበል፣ በዚህ ዕድሜ እኔ 50 ላይ አቆማለሁ፤ የማሟሟቂያውንም እቆጥራለሁ። "ያምሃል?" ብላችሁ አትድከሙ። "ትናንት የት ወረወርክ?" በሉት፤ ወላጁንም ለብቻው ጠይቁ። መልሱ ካላማራችሁ፣ ግማሽ ፍጻሜም ቢሆን ሌላ ልጅ ይግባ።

የሊጉ ኃላፊ ዘንድሮም ውርወራ የምመዘግብበትን ደብተሬን ሲያገላብጥ "ደንቡ ይህን ያህል አይጠይቅም እኮ" አለኝ። አይጠይቅም አልኩትና ደብተሬን ተቀበልኩት።